የጓሮ አፈርን በብስባሽ ማልማት፦ ከመስከረም ክምር እስከ ሰኔ መደብ

በመካከለኛው ደጋ፣ በተለይም በአዲስ አበባና በዙሪያዋ፣ በግቢው ጎመንና ቆስጣ ለመትከል የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አፈር አንዱ ይገጥመዋል። አንዱ በክረምት እግር ይዞ የማይለቅ፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር ዋልካ ነው። ሁለተኛው ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ፣ ነገር ግን ለብዙ ዘመን በመታረሱና በዝናብ በመታጠቡ የተራቆተ ቀይ አፈር ነው። ሦስተኛው ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ የታችኛው አፈር ከጠጠርና ከሲሚንቶ ፍርስራሽ ጋር ተደባልቆ የተደለደለበት የአዲስ ቤት ግቢ ነው። ለሦስቱም የሚበጀው ነገር አንድ ነው፤ በደንብ የበሰበሰ የተክልና የእንስሳት ተረፈ ነገር በየዓመቱ ማግኘት።

«በደንብ የበሰበሰ» የሚለውን አጥብቄ የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ስለተማርሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከእንጨት ሥራ ቤት ያመጣሁትን ሁለት ጆንያ ሰጋቱራ እንዳለ በመደቡ ውስጥ ቀብሬ ሐበሻ ጎመን ተከልሁበት። ውሃ ሳይጎድልበት በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ እድገቱም ቆመ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ሰጋቱራውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ለሥራቸው ናይትሮጅን ስለሚያስፈልጋቸውና ሰጋቱራው ራሱ ያለው ናይትሮጅን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ለጎመኑ የሚሆነውን ከአፈሩ ወሰዱበት። ይህ መመሪያ የተጻፈው አንባቢው ያንን ዓመት እንዳይደግመው ነው፤ መበስበሱ በክምር ውስጥ ይለቅ፣ ወደ ሥሩ የሚደርሰው የሥራው ውጤት ብቻ ይሁን።

የአገራችን ማሳ ለምን እንደተራቆተ ሁላችንም እናውቃለን። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ ጭዱ ለከብት ይቀርባል ወይም ለግድግዳ ጭቃ ይቦካል፤ አገዳው ይታጠርበታል ወይም ይማገዳል፤ ወደ መሬቱ የሚመለሰው ጥቂት ነው። በአንጻሩ በጉራጌና በሲዳማ የእንሰት ጓሮ የጋጣው ፍግና የምድጃው አመድ ወደ እንሰቱ ሥር ስለሚሄድ፣ ከቤቱ አጠገብ ያለው አፈር ከሩቁ ማሳ ይልቅ ጠቁሮና ለምቶ ይታያል። በከተማ ግቢም ሊሠራ የሚገባው ይኸው ነው፤ ከብት ባይኖርም ከጓዳ የሚወጣው ልጣጭና ከጀበና የሚደፋው አተላ አለ።

አንደኛ፦ አፈሩን መመርመር

ማንኛውንም ነገር ከመጨመርዎ በፊት አፈሩን በሦስት ቀላል መንገዶች ይፈትኑት። በመጀመሪያ ከ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የወሰዱትን አፈር እስከ ግልጽ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ ድረስ ይጨምሩ፤ ቀሪውን በውሃ ሞልተው አጥብቀው ከናጡ በኋላ ያስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይከተላል፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። በማግስቱም ውሃው ካልጠራና ከታች ያለው የአሸዋ ንጣፍ ቀጭን ከሆነ፣ ያለዎት ከባድ ሸክላ ነው።

ቀጥሎ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩና በውሃ ይሙሉት። የመጀመሪያው ውሃ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉትና በአንድ ሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለኩ። በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ፣ ብስባሽ ብቻውን ስለማይበቃ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይኖርብዎታል። ከዚሁ ጉድጓድ የወጣውን አፈር በጆንያ ላይ ዘርግተው የምድር ትሎችን ይቁጠሩ። አፈሩ እርጥብ በሆነበት ወቅት፣ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉድጓድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ትል መውጣቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ አንድም ካልተገኘ አፈሩ ርቦታል ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች በደብተር ጽፈው ያኑሩ፤ ኋላ ይፈለጋሉ።

ሁለተኛ፦ ግብዓቱን መሰብሰብ

ብስባሽ የሚሠራው ከሁለት ወገን ነገር ነው። ደረቁ ወገን የጤፍ ጭድ፣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ተቦጭቆ የረጠበ ካርቶን ሲሆን ካርቦን ይበዛበታል። እርጥቡ ወገን ደግሞ አረም፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የቡና አተላ፣ እበትና ሌላውም ፍግ ሲሆን ናይትሮጅኑ የሚገኘው ከዚህ ነው። ክምሩ በደንብ የሚሠራው ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖረው ነው፤ ይህን በቤት ውስጥ መለካት ስለማይቻል በመጠን ሁለት ባልዲ ደረቅ ለአንድ ባልዲ እርጥብ የሚለውን ይዘው ቢነሡ ከልኩ ብዙ አይርቁም።

የቡና አተላ ደርቆ ቢመስልም የሚቆጠረው ከእርጥቡ ወገን ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት በዓመት የሚጠራቀመው ቀላል አይደለምና ከጀበናው ሲደፋ በአንድ ቆርቆሮ ያጠራቅሙት። የጠላ አተላም ይሆናል፣ ነገር ግን ስለሚኮመጥጥ በጥቂቱ፣ ከብዙ ጭድ ጋር ይግባ። ፍግን በተመለከተ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። የከብት እበት ለዘብ ያለና ለሁሉም የሚስማማ ነው። የበግና የፍየል በጠጥ ደረቅና የበለጠ ሀብታም ነው። የፈረስና የአህያ ፋንድያ ቶሎ ይሞቃል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። የዶሮ ኩስ ግን ከሁሉም ኃይለኛ ስለሆነና ጨውም ስለሚበዛበት፣ በቀጥታ ተክል ሥር ከተጨመረ ያቃጥላል፤ ቦታው ክምሩ ውስጥ ነው።

ከክምሩ ሊርቁ የሚገባቸው ነገሮችም አሉ። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት አይጥና ውሻ ይጠራሉ። የውሻና የድመት ዓይነ ምድር በሽታ ያስተላልፋል። ፌስታል፣ ባትሪና የሚያብረቀርቅ ቀለም ያለው ወረቀት ለአፈር አይሆኑም። ሰርዶና እንግጫ በሕይወት ካሉ ሥሮቻቸው ክምሩን ምሽግ አድርገው ይራቡበታል፤ ስለዚህ በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ላይ ተዘርግተው እስኪሰባበሩ ድረስ ፀሐይ ይምታቸው። ቅንጨ አረም ሳያብብ ከተነቀለ ይጠቅማል፣ ሆኖም ቆዳን ስለሚያሳክክ ጓንት አድርገው ይያዙት፤ አበባ ካወጣ ግን አያስገቡት። የባሕር ዛፍ ቅጠል የሌሎችን ተክሎች እድገት የሚገታ ንጥረ ነገር ስላለውና ለመበስበስም ስለሚዘገይ፣ ያለው እርሱ ብቻ ቢሆን እንኳ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ አያሳልፉት። ይልቁንስ የብሳና፣ የዋንዛና የግራዋ ቅጠል ከተገኘ እጅግ መልካም ነው።

ሦስተኛ፦ ክምሩን መሥራት

ጊዜው መስከረምና ጥቅምት ነው። አረሙ ለምለም የሆነበት፣ መሬቱ እርጥበቱን ያልጨረሰበት፣ ጥቂት ቆይቶም ጭዱ ከአውድማ የሚገባበት ወቅት ስለሆነ ሁለቱም ወገን በአንድነት ይገኛል። በዚህ ጊዜ የተሠራ ክምር እስከ ሰኔ ድረስ በቂ ጊዜ አለው። በበጋ የሚሠራ ከሆነ እርጥበቱን እንዲይዝ እስከ 1 ሜትር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ በክረምት ከሆነ ግን ውሃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ መከመር ይገባል።

ቦታው ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማይደርስበትና ለውሃ የሚቀርብ ይሁን፤ ከባሕር ዛፍ አጠገብ ግን አይሁን፣ ሥሩ ከታች ወደ ክምሩ ገብቶ የደከሙበትን ይበላዋል። የክምሩ ወርድና ቁመት ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀት መያዝ አይችልም፤ ወርዱ ከ2 ሜትር ከበለጠ ደግሞ መሐሉ አየር ያጣል።

መጀመሪያ መሬቱን ቧጥጠው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የተቆራረጠ አገዳ ወይም ቅርንጫፍ ያንጥፉ፤ ይህ አየር ከታች የሚገባበት መንገድ ነው። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ነገር፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እርጥብ፣ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ፍግ ያድርጉና በመጨረሻ ስስ የአፈር ሽፋን ይበትኑበት። ፍግ ከሌለ አሮጌ ብስባሽ ወይም ከዛፍ ሥር የተወሰደ ጥቁር አፈር ረቂቅ ተሕዋስያኑን ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱን ድርብ እንደጨረሱ ውሃ ይርጩበት። ደረቁ ነገር በተለይ ጭድ ከሆነ ውሃ በቀላሉ ስለማይጠጣ ቀድሞ በርሜል ውስጥ ቢዘፈዘፍ ይመረጣል፤ ብዙ ክምር ሳይበሰብስ የሚቀረው መሐሉ ደረቅ ሆኖ ስለሚከመር ነው። ድርቡ 1 ሜትር ተኩል እስኪደርስ ይደጋገማል። ሲከምሩ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ አንድ ረጅምና ጠንካራ በትር በመሐሉ ያቁሙ። መጨረሻ ላይ ክምሩን በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል፣ ካልተገኘም በአሮጌ ጆንያ ይሸፍኑት።

አራተኛ፦ ክምሩን መከታተል

የቆመው በትር የክምሩ ሐኪም ነው። ከሳምንት በኋላ ነቅለው በእጅዎ ይንኩት። ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው በመልካም ይካሄዳል። ሞቆ ነገር ግን ደርቆ፣ ነጭ ሻጋታ መሳይ ይዞ ከወጣ ውሃ ጎድሎታል። ቀዝቅዞ፣ ረጥቦና መጥፎ ሽታ ይዞ ከወጣ ውሃ በዝቶ አየር አጥቷል፤ ተከፍቶ ደረቅ ነገር ይጨመርበት። ቀዝቅዞ ደረቅ ከሆነ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ስለሆነ ውሃና እበት ይፈልጋል። የእርጥበቱን ልክ ለማወቅ አንድ እፍኝ አውጥተው ይጭመቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ በቂ ነው።

በመልካም የተሠራ ክምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ይህ ሙቀት የአረም ዘርን፣ የወስፋት ዕንቁላልንና ብዙ የተክል በሽታን የሚገድል ነው። ይሁን እንጂ ጠርዙ እንደ መሐሉ ስለማይሞቅ፣ በሦስተኛው ሳምንት የውጩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ በመንሽ ወይም በአካፋ መገልበጥ የግድ ነው። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ፣ በተለይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ስላለ፣ ከቆላው ይልቅ መበስበሱ ይዘገያል፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ቢወስድ አያስደንግጥዎ። ክምሩም ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ይህም የሚጠበቅ ነው።

አምስተኛ፦ መብሰሉን ማረጋገጥ

የበሰለ ብስባሽ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ይፈረፈራል፣ የገባው ነገር ምን እንደነበረ አይለይም፣ ሽታውም ዝናብ የነካው መሬት ሽታ ነው። ዓይንና አፍንጫ ግን ይሳሳታሉ፤ ከእነርሱ የተሻለው ምስክር በየቤቱ ያለው ፌጦ ነው። ፌጦ ቶሎ የሚበቅልና ለጎጂ ነገር ስስ የሆነ ዘር በመሆኑ የብስባሽ ተመራማሪዎችም በቤተ ሙከራ የሚጠቀሙበት ነው። በሁለት ጣሳ፣ አንዱ ላይ ከእኩል አፈር ጋር የተደባለቀ ብስባሽ፣ ሌላው ላይ አፈር ብቻ አድርገው በእያንዳንዱ 20 የፌጦ ዘር ይዝሩ። በሳምንት ውስጥ በብስባሹ ላይ ያለው ከሌላው እኩል ከበቀለና አረንጓዴ ሆኖ ከቆመ ክምሩ ደርሷል። ካነሰ፣ ከጠወለገ ወይም የሥሩ ጫፍ ከጠቆረ፣ አንድ ወር ይቆይና ፈተናው ይደገም።

ተክል ተቃጠለ ብለው የሚያዝኑና ብስባሽን የሚተዉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስጠይቃቸው የጨመሩት ጥሬ ፍግ ሆኖ ይገኛል። ጉዳዩ የተክሉ ብቻም አይደለም፤ ሰላጣና ካሮት በጥሬያቸው የሚበሉ ስለሆነ፣ ያልበሰለ ፍግ የገባበት መሬት ላይ እነዚህን ለመሰብሰብ ቢያንስ አራት ወር መቆየት አለበት።

ስድስተኛ፦ ወደ አፈሩ ማግባት

ስሌቱ እንዲህ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማለት 10 ሊትር ብስባሽ ማለት ነው። በተራቆተ መሬት ላይ በመጀመሪያው ዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ማልበስ ይገባል፤ ይህም 10 ካሬ ሜትር ለሆነ መደብ 500 ሊትር፣ በ20 ሊትር ባልዲ 25 ባልዲ ይሆናል። ያን ያህል ከሌለ ሁሉንም መሬት በስሱ ከመንካት ይልቅ ሦስት አራት ካሬ ሜትር መርጦ በሙሉ ልክ መሥራት ይሻላል፤ የተቀረው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሰዋል። ብስባሹ ከላይኛው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ይቀላቀል እንጂ ከዚያ በታች አይቀበር፤ አብዛኛው የጓሮ አትክልት ሥር ምግቡን የሚፈልገው ከላይ ነው።

ዋልካን በተመለከተ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የቀን ምርጫ ነው። ሲያጣብቅ ከተቆፈረ እንደ ጡብ ይደርቃል፤ ሲደነድን ከተቆፈረ ደግሞ ዶማ ይሰብራል። አፈሩን በእጅዎ ድብልብል አድርገው ከወገብ ከፍታ መሬት ላይ ይጣሉት፤ ተፈረፍሮ ከተበተነ ቀኑ ደርሷል፣ እንዳለ ከተለጠፈ ይጠብቁ። ይህ ቀን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በበልግ ዝናብ ማግስት ነው። ብስባሹ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያወጡት ሙጫ መሰል ነገር ደቃቁን ሸክላ እያያያዘ እንክብል ያደርገዋል፣ በእንክብሎቹ መካከልም ውሃና አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ይፈጠራል። ይህ በአንድ ዓመት አይጠናቀቅምና፣ እስከዚያው ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ ይሥሩ፤ በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ የሐምሌን ውሃ ያወጣል። በዋልካ ላይ አሸዋ መጨመር ብዙዎች የሚሞክሩት ነገር ነው፤ በጥቂቱ ሲጨመር ግን ለውጥ አያመጣም፣ ለውጥ እንዲያመጣ የሚያስፈልገው አሸዋም በጓሮ አቅም የሚቻል አይደለም። ገንዘቡ ለፍግ ቢውል ይሻላል።

ቀይ አፈር ችግሩ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ብረትና አልሙኒየም ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ማዳበሪያ ቢጨመር እንኳ ተክሉ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ብስባሽ ይህን ትስስር በከፊል ያላላል፣ ንጥረ ነገሩንም ከዝናቡ ጋር ታጥቦ እንዳይሄድ ይይዛል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ያለ ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ስለሆነ፣ የእንጨት ወይም የከሰል አመድ በዓመት አንድ ጊዜ በካሬ ሜትር እስከ 100 ግራም፣ ማለትም አንድ ሁለት እፍኝ፣ ቢበተንበት ይረዳል። ይህ አመድ ግን ለዋልካና ሲሚንቶ ለተቀላቀለበት ግቢ አይሆንም፤ የሁለቱም ጠባይ ወደ ተቃራኒው ያዘነበለ ነው። ሲሚንቶ ያለበት ግቢ ፍርስራሹ በእጅ ተለቅሞ ከወጣ በኋላ እንደ ተራቆተ መሬት ይታይ።

እንደ አቮካዶና ጌሾ ላለ ዛፍ ጉድጓዱን በብስባሽ ብቻ መሙላት ስሕተት ነው፤ በሸክላ መካከል የተሞላ ጉድጓድ ውሃ እንደሚቋጥር እንስራ ይሆንና ሥሩን ያበሰብሳል። ከወጣው አፈር ሦስት እጅ ጋር አንድ እጅ ብስባሽ በቂ ነው፤ የቀረው በግንዱ ዙሪያ ከላይ ይነስነስ።

ሰባተኛ፦ አፈሩን ሸፍኖ ማቆየት

የተሠራ አፈር ራቁቱን አይተው። በተክሎቹ መካከል ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ቢነጠፍ የበጋውን ፀሐይና የክረምቱን ጠብታ ይመክታል። ከግንዱ ግን አራት ጣት ያህል ይራቅ። ምስጥ በሚበዛበት አገር ደረቅ ንጣፍ ምስጡን ስለሚጠራ በዚያ ፈንታ የበሰለ ብስባሽ ራሱ ከላይ ቢነሰነስ ይመረጣል፤ በከባድ ክረምት ደግሞ ቀንድ አውጣ ከንጣፉ ሥር ስለሚደበቅ ችግኙ እስኪጠነክር ንጣፉ ስስ ይሁን።

ባዶ የሚያድር መደብ ካለ ባቄላ ወይም ግብጦ ይዘራበት። ሁለቱም በሥራቸው ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ ግብጦ በጎጃም በደከመ መሬት ላይ የሚዘራውም ለዚህ ነው። አበባ መያዝ እንደጀመረ ታጭዶና ተቆራርጦ ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቀላል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከቆየም በኋላ ችግኝ ይተከልበታል። ፍሬ እስኪይዝ ከተጠበቀ ናይትሮጅኑ ወደ ፍሬው ስለሚሄድ ለአፈሩ የሚቀረው ያንሳል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ፣ በተለይ የዶሮ ኩስ ከበዛበት ክምር፣ ዓመት በዓመት ከተጨመረ ፎስፈረስና ጨው ይጠራቀማል። ልኩን ለማወቅ በየመስከረሙ መደቡ ጠርዝ ላይ ያችኑ የ30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ውሃውን ይለኩ፣ ትሉን ይቁጠሩና ከመጀመሪያው ዓመት ቁጥር አጠገብ ይጻፉት። ውሃው በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መውረድ ከጀመረና ትሉ ከ10 ካለፈ፣ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይቀንሱና የተረፈውን ብስባሽ ገና ወዳልተነካው መሬት ይውሰዱት።